ለሪዩኒየን ምን ይለበስ? የሀገር ልብስ፣ ሱፍ፣ ጂንስና የባች ቲሸርት ሲነጻጸሩ

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ፣ ብቸና፤ የትም ይሁን የት፣ አብረው ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ልጆች ከዓመታት በኋላ መሰባሰብ ወደዋል፤ ሪዩኒየን ይሉታል። አንዱ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፍታል። የጠፋው ሁሉ ተፈልጎ ይገባል። መዋጮ ይዋጣል፣ ቀን ይቆረጣል። ቀኑ ሲቃረብ ደግሞ ከግሩፑ ውጭ፣ በግል የሚላክ ጥያቄ ይመጣል፦ «ምን ልትለብሺ ነው?» «አንተስ ምን አስበሃል?»

ሠርግ ላይ ምን እንደሚለበስ ማንም አይጠፋውም። ለቅሶም እንዲሁ። ሪዩኒየን ግን ገና ወግ አልወጣለትም። ግብዣም ነው፣ ጉብኝትም ነው። ትንሽ ሐዘንም አለበት፤ የሞቱ ጓደኞች ስም ይጠራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚመጣው ሰው የተለያየ ነው። ገሚሱ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ጥቂቱ ከአሜሪካና ከአረብ አገር። ሌላው እዚያው የቀረ ነው፤ መምህር፣ ነጋዴ፣ ገበሬ፣ ሹፌር። አንድ ዴስክ ላይ ተጣበው የተቀመጡ ልጆች ዛሬ ኑሯቸው ለየቅል ሆኗል።

ስለዚህ አማራጮቹን ሳወዳድር ከውበት በፊት አንድ ነገር አያለሁ። ልብሱ ወደ ጓደኞቻችሁ ያቀርባችኋል ወይስ ያርቃችኋል? ሰው ሲያያችሁ መጀመሪያ ፊታችሁን ለይቶ በስማችሁ ቢጠራችሁ ነው ደስ የሚለኝ። ልብሱን ከዚያ በኋላ ያድንቅላችሁ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ጠይቁ

ብዙ ሰው ልብስ ከመረጠ በኋላ ነው ፕሮግራሙን የሚሰማው። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። አዘጋጆቹን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ጠዋት የት ነን? ማታ የት ነን? በመሀል ልብስ መቀየሪያ ጊዜ አለ?

ጠዋት ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። እንደ ድሮው ተሰልፎ ባንዲራ ይሰቀላል። የኅሊና ጸሎት ይደረጋል። የቀድሞ መምህራን ተጋብዘው ካባ ይለብሳሉ። ችግኝ የሚተከልበትም አለ። የድሮ ክፍላችሁ ውስጥ ገብታችሁ የድሮ ቦታችሁ ላይ መቀመጣችሁም አይቀርም። ይህ ሁሉ አቧራ፣ ሣር፣ ፀሐይና ብዙ መቆም ያለበት ነው። ከዚያ ምሳ አለ። ማታ ደግሞ አዳራሽ ወይም ሆቴል፣ ሙዚቃና እስክስታ።

አንድ ልብስ ይህን ሁሉ ይችላል ወይ የሚለው ነው ዋናው ፈተና። የመቀየሪያ ጊዜ ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ለጠዋቱ አንድ፣ ለማታው አንድ። ከሌለ ግን ለጠዋቱ የሚሆን፣ ማታ ላይ አንድ ነገር ሲጨመርበት የሚደምቅ ልብስ ምረጡ። ለማታ ታስቦ የተገዛ ልብስ ጠዋት ግቢው ውስጥ ያስጨንቃል።

የሀገር ልብስ

የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያቴንም ልናገር። የሀገር ልብስ የኑሮ ልዩነትን ይሸፍናል። ነጭ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ ሴቶች ለፎቶ ተደርድረው ሲቆሙ ማን ባንክ እንደምትሠራ፣ ማን ጉልት እንደምትቸረችር አይታወቅም። ለእንዲህ ያለ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ የለበሰው ስላለው አዲስ ወጪ ላያስፈልግ ይችላል።

ነገር ግን የሀገር ልብስ ሁሉ አንድ አይደለም። ፈትል በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። ወፈር ይላል፣ ይሞቃል፣ ገላ ላይ ክብደት አለው። ለደብረ ማርቆስ ምሽት የሚስተካከለው የለም፤ ለባሕር ዳር ቀትር ግን ይከብዳል። መነን ስስና ለስላሳ ነው፤ አወራረዱም ያምራል። ግን ስስነቱ ገላ ያሳያል፤ ገበር ወይም የውስጥ ቀሚስ ይፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ከታጠፈም ይጨማደዳል። ሽፎኑ ቀላል ነው፤ ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ብትሄዱ እንኳ ብዙም አይጨማደድም። ብርድ ግን አይከለክልም። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ለምትመጣ ሰው እኔ ሽፎን ከወፍራም ነጠላ ጋር እመክራለሁ። እዚያው ከተማው ውስጥ ላለችው ደግሞ መነን ወይም ፈትል፤ ካውያውም ቤቷ ነው፣ ልብሱም አይጉላላም።

ነጭነቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የኛ ሰላምታ አንድ ጉንጭ ተስሞ የሚያልቅ አይደለም። ከዓመታት በኋላ የተገናኘ ሰው አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚላቀሰው። ስንቱን ስታቅፉ የስንቱ ሜካፕ የነጭ ቀሚሳችሁ አንገትና ትከሻ ላይ ይቀራል። ከዚያ ምሳ ይመጣል። ዶሮ ወጥ አለ፣ ጉርሻ አለ፤ እንቢ የማይባል ሰው ያጎርሳችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የአንገቱና የደረቱ ጥለት ወይም ጥልፍ ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ቀሚስ ምረጡ፤ ቡና ዓይነት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ። እጅጌው ሰፊ ከሆነ ምሳ ላይ ወጥ ውስጥ ይነከራል፤ እስከ ክንድ የሚደርስ ወይም ጠበብ ያለ ይሻላል። ነጠላውን ደግሞ ምሳ ሲቀርብ አጣጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ማታ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ቀሚስ የምታሰፉ ከሆነ ሰፊው ጋ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ብቻ አትለኩ። ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ትከሻችሁን ምቱ፤ የጎጃም እስክስታ በዋናነት የትከሻ ሥራ ነው፣ ብብቱ ላይ የጠበበ ቀሚስ በመጀመሪያው ዘፈን ስፌቱ ይተረተራል። ሁለተኛ እስከ ጉልበት ድረስ ጎንበስ በሉ። ያስተማራችሁ መምህር ወንበር ላይ ተቀምጠው ስታገኟቸው ጉልበት ለመሳም ማጎንበሳችሁ አይቀርም፤ የአንገቱ ቅድ ያኔ ምን እንደሚያሳይ እዚያው መስታወት ፊት እዩት። ሦስተኛ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተማሪ ዴስክ ጠባብ ነው፤ ጠባብ ቀሚስ ለብሳችሁ ከገባችሁ መውጣቱ ይቸግራል። እነዚህን ያለፈ ቀሚስ ቀኑን ሙሉ አያሳቅቃችሁም።

ስለ ነጠላ አንድ ነገር ልጨምር። የኅሊና ጸሎት ሲደረግና የሞቱ ጓደኞች ስም ሲጠራ አንዳንዶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ ላይ ያደርጉታል። ይህ የሐዘን አለባበስ ነው፤ ለዚያች ሰዓት ያምራል፣ ይገባልም። ሲያበቃ ግን መልሱት። ለደስታ በተጠራ ግብዣ ላይ ነጠላ ተዘቅዝቆ ከቀረ ትልልቅ እናቶች ምን ሆነሽ ነው ብለው ይደነግጣሉ።

ወንዶች ዘንድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከላይ እስከ ታች ነጭ፤ እጀ ጠባብ፣ ነጭ ሱሪ፣ ኩታ። ሁለተኛው አንገቱና ደረቱ ላይ ጥለት ያለው የሀበሻ ሸሚዝ ከጥቁር ወይም ከጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ጋር። ሙሉ ነጩ ለሽማግሌና ለሙሽራ ግርማ ይሰጣል። ችግኝ ሊተከል ባለበት ቀን ግን ነጭ ሱሪ ይዞ መምጣት ራስን ማስጨነቅ ነው። ሁለተኛው ለሪዩኒየን ይበልጥብኛል። ጠዋት ቀለል ይላል፤ ማታ ኩታ ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል።

ባቹ «ሁላችንም የሀበሻ ልብስ» ብሎ ከወሰነ ሙስሊም ጓደኞቻችሁንም አስቡ። የጥለቱ ቀለም ቀድሞ ከተነገራቸው ሂጃቡን ከዚያ ጋር አስማምተው መምጣት ይችላሉ። ቀለሙን ቀድሞ መናገር የአዘጋጆቹ ፋንታ ነው።

ሱፍ እና የማታ ቀሚስ

ሱፍ የሚለብስ ሰው መጥፎ አይመስልም። በደንብ የተሰፋ ሱፍ ቦርጭ ይሸፍናል፣ ትከሻ ያስተካክላል። ዕለት ዕለት ቢሮ በሱፍ የሚገባ ሰው ሱፍ ውስጥ ነው እሱን እሱን የሚመስለው። መድረክ ላይ ወጥታችሁ የምትናገሩ ወይም ለመምህራን ካባ የምታለብሱ ከሆነም ሱፍ ቦታው ነው።

ግን ሱፍ ያርቃል። ሌላው ሰው ቲሸርትና ሹራብ ለብሶ ሣር ላይ ሲቀመጥ ሱፍ የለበሰው ቆሞ ይቀራል። ከክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት የመጣች መምህርት ወይም ከእርሻው የመጣ ጓደኛችሁ በድሮ ቅጽል ስማችሁ ሊጠራችሁ ፈልጎ ክራባቱን አይቶ «እርስዎ» ሊላችሁ ይችላል። ያኔ ምሽቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ሱፍ መልበስ ግድ ከሆነ አቅልሉት። ክራባቱን ተዉት። ኮትና ሱሪው አንድ ዓይነት ባይሆን ይመረጣል፤ ግራጫ ኮት ከጥቁር ሱሪ ጋር ግቢ ውስጥም አዳራሽ ውስጥም ያስኬዳል። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ፎቶ ላይ ፍላሽ ሲነካው ያስጠላል፤ ደብዛዛውን ውሰዱ። ለሠርጋችሁ የተሰፋውን ሱፍ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቁልፉን ቆልፋችሁ ተቀመጡ። ተቀምጣችሁ የማይቆለፍ ከሆነ ለሰፊ ሰጥታችሁ አስፉት፤ የኮት ስፌት ውስጥ ብዙ ጊዜ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል።

ሴቶች ዘንድ የሱፍ አቻ የማታ ቀሚስ ነው። ለአዳራሹ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም። ትከሻ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ለብርዱ ምን እንደምትደርቡበት ቀድማችሁ ወስኑ። መጨረሻ ላይ የባል ጃኬት ተደርቦበት ያደረ የማታ ቀሚስ ለሚያወጡበት ገንዘብ አይመጥንም።

ጂንስ ከጥሩ ሸሚዝ ጋር

ይህ ብዙ ሰው የሚንቀው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣ ምርጫ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ያልተቀደደ ጂንስ፣ በደንብ የተተኮሰ ነጭ ወይም ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ንጹሕ የቆዳ ጫማ። ለሴትም ያው ነው፤ በሸሚዙ ፋንታ ጥሩ ሻርፕ ያለው ብሉዝ ቢሆን ሽክ ያደርጋል። ለጠዋቱ ይመቻል፣ ለምሳው አያሳስብም፣ ማታ ኮት ሲደረብበት ያምራል። በዕለት ኑሯችሁ ጂንስ የምትለብሱ ከሆነ ደግሞ እናንተን እናንተን ይመስላል።

አደጋው አንድ ነው፤ ችላ የተባለ እንዳይመስል። ጂንስ የሚያሳምረው ቀሪው ነገር ነው። ሸሚዙ ካልተተኮሰ፣ ጫማው ካልተጠረገ፣ ከአልጋ ተነስቶ የመጣ ሰው ያስመስላል። ጂንስ ከሀበሻ ሸሚዝ ጋርም ይሄዳል፤ በተለይ ለወጣት ባቾች ይህ ጥምረት ደስ ይላል።

የባች ቲሸርት

አሁን አሁን ቲሸርት የማያሳትም ባች የለም ማለት ይቻላል። ከፊት የትምህርት ቤቱ ስም፣ ከኋላ የተመረቁበት ዓመት። ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተማረም፣ ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ የተማረም፣ ያንን ስም ደረቱ ላይ ሲያይ ልቡ ይሞቃል። ይህን ስሜት የሚሰጥ ሌላ ልብስ የለም። ሁሉንም እኩል ያደርጋል። የቡድን ፎቶ ያሳምራል። ዋጋውም ከሌላው ሁሉ ያነሰ ነው።

ችግሩ የቲሸርቱ ጥራት ነው። አዘጋጆች ወጪ ለመቀነስ ስስ ፖሊስተር ያዛሉ፤ ጨርቁ ላብ አይመጥም፣ ኅትመቱም ሁለቴ ሲታጠብ ይላጣል። ትንሽ ተጨምሮበት ኮሌታ ያለው የጥጥ ፖሎ ቢታዘዝና ዓርማው ደረቱ ላይ በጥልፍ ቢሠራ ሰው ከዝግጅቱ በኋላም ይለብሰዋል። ከፖሎው ጋር ሴቶች የሀገር ልብስ ጉርድ ቢለብሱ ያምራል፤ ወንዶች ደግሞ ጥቁር ሱሪ። የስም ዝርዝር በሙሉ ጀርባ ላይ ማተምም አለ። ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሰው ከተረሳ ቅሬታው ከባድ ነው። ዝርዝሩን ከመታተሙ በፊት ግሩፑ ላይ ለጥፉት፣ ሁሉም ስሙን ይፈልግ።

ሳይዝ ስትልኩ የዛሬውን ላኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ሚዲየም እርሱት። ቲሸርት ሲጠብ አያምርም፤ ሰፋ ያለ ግን ማንንም አይጎዳም።

አንዳንድ ሰው ድሮ የመጨረሻው ቀን ላይ ጓደኞቹ የፈረሙበትን ዩኒፎርም እስካሁን አስቀምጦታል። ያ ሀብት ነው። ለመልበስ አትታገሉ፤ ይቀደዳል። ማንጠልጠያ ላይ አድርጋችሁ አምጡትና ክፍሉ ውስጥ ስቀሉት። ሰው ሁሉ የራሱን ፊርማ ሊፈልግ ይሰበሰባል። ዘንድሮስ? ነጭ ቲሸርት ከታተመ አንድ ሁለት ማርከር ይዛችሁ ሂዱ፤ እንደገና ትፈራረማላችሁ።

ቁምጣ፣ ጋቢና ዱላ

ይህን ለብቻው ማንሳት የፈለግሁት ስለሚያሳስበኝ ነው። በአንዳንድ ዝግጅት ላይ ከከተማ የመጡ ወንዶች «የጎጃም ባሕላዊ» ብለው ቁምጣ፣ ጋቢና ዱላ ይዘው ብቅ ይላሉ። ልብሱ በራሱ የሚያምር ነው። ለሥራ የሚመች፣ ለዳገቱም ለእርሻውም የተስማማ፣ ክብር ያለው ልብስ ነው። ትከሻ ላይ በወጉ የተጣለ ጋቢና ሁለት እጅ የተንጠለጠለበት ዱላ የለበሰውን ሰው ያኮራል።

ጥያቄው እንዴት ተለበሰ ነው። ለሣቅ ተለብሶ፣ የባላገር አነጋገር እየተቀዳ፣ ቲክቶክ እየተቀረጸ ከሆነ እኔ አልወደውም። እዚያው ሰልፉ ውስጥ ይህንኑ ልብስ የዕለት ልብሱ ያደረገ ጓደኛችሁ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አባቱ እንዲህ የሚለብሱ ደግሞ ብዙ ነው። ያ ሰው የራሱን ልብስ መሣቂያ ሆኖ ካየ ምን ተሰምቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል? በተቃራኒው፣ አባቱ ያወረሱትን ጋቢ ደርቦ፣ ዱላውን በወጉ ይዞ፣ የሚመጣ ሰው ካለ ቅድሚያ መንገድ ይለቀቅለት። እሱ ራሱን ለብሶ ነው የመጣው።

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው። ይህን ልብስ አባታችሁ ፊት፣ አባታችሁም ለብሰውት ሳለ፣ ሳታፍሩና ሳትሥቁ ትለብሱታላችሁ? አዎ ከሆነ ልበሱት። ካልሆነ ጋቢውን ብቻ ያዙት፤ ጋቢ ለማታው ብርድ ከጃኬት ሁሉ ይበልጣል፣ የማንንም ስሜት አይነካም።

ቦታውና ወቅቱ

ጎጃም ሲባል አየሩ አንድ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። የ600 ሜትር ልዩነት ልብስ ላይ በደንብ ይታወቃል። ባሕር ዳር ላይ በቀሚስና በስስ ነጠላ ጣና ዳር ማምሸት ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይዋ ጠልቃ ብዙም ሳይቆይ ብርዱ አጥንት ይገባል። እንጅባራም እንደዚያው ደጋ ናት። ለደብረ ማርቆስ ጋቢ፣ ወፍራም ሹራብ ወይም ሱፍ ኮት ያዙ። ለባሕር ዳር ጥጥና ሰፋ ያለ ልብስ፤ ቀትር ላይ ፖሊስተር ያቃጥላል።

ወቅቱም አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ የጎጃም ዝናብ አይቻልም። በዚያ ወቅት የትምህርት ቤት ግቢ ጭቃ ነው፤ እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ ጫፉ ጠቁሮ ይመለሳል። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር ቀሚስና ዝግ ጫማ ይሻላል። ጥር ላይ ደግሞ ቀኑ ደረቅ፣ አቧራው ብዙ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመጡ ከሆነ የበዓሉን ልብስ ለብሳችሁ አትጓዙ። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ ዓባይ በረሃ ስትገቡ ሙቀቱ ያልባል፤ ወጥታችሁ ደጀን ስትደርሱ ይበርዳል። ደብረ ማርቆስ ስትደርሱ ላብ የነካው፣ የተጨማደደ ልብስ ለብሳችሁ ጓደኛ ማቀፍ ይሆናል። በሚመች ልብስ ተጓዙ፣ ደርሳችሁ ቀይሩ።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ሣርና ኮረት ላይ ቀጭን ታኮ ይሰምጣል። ወፍራም ታኮ ወይም ፍላት አድርጉ፤ ታኮውን ለማታ ቦርሳ ውስጥ ያዙት። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አትጀምሩ።

ፀጉር ግን ከልብሱ እኩል መታሰብ አለበት፤ ሰው የሚለያችሁ በእሱ ነው። በተማሪነታችሁ በሹሩባ የምትታወቁ ከነበረ ሹሩባ ተሠሩ። በር ላይ ስትታዩ ገና ስማችሁ ይጠራል። ሹሩባው ከፕሮግራሙ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቢሠራ መሳቡ ይለቃል፣ ራስም አያምም። በዕለቱ ጠዋት ፀጉር ቤት እሄዳለሁ ማለት ግን ከባቹ ሴቶች ግማሹ ጋር ወረፋ መጠበቅ ነው። ወንዶችም ሸበቶ ለመሸፈን ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት አትሞክሩት።

አዲስ፣ ያለ ወይስ የተዋሰ

አዲስ ማሰፋት የሚያዋጣው ቢያንስ አንድ ወር ሲቀር ነው። ጥሩ ሰፊ ሥራ ይበዛበታል፤ ልኬትና ማስተካከያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሳል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ቀጠሮው ይንዛዛል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ዝግጁ መግዛት ፈጣን ነው፤ ግን ትከሻና ወገቡን ለሰፊ ሰጥታችሁ ካላስተካከላችሁት የሌላ ሰው ልብስ ይመስላል። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከተማዋ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ልብስ መሥራት የሚያውቅ እጅ እዚያው ፈልጉ።

ያላችሁን መልበስ ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ለብሳችሁት ሰው «አማረብሽ» ያላችሁን ልብስ አስታውሱ። እንዴት እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚሳብ ታውቁታላችሁ። ጥለቱ ከደበዘዘ ጥለት ብቻ ማስቀየር ይቻላል፤ ቀሚሱ አዲስ ይሆናል፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

መዋስ ከእህት ወይም ከቅርብ ጓደኛ ከሆነ ይሁን። ገንዘብ ተበድሮ ልብስ መግዛት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በተለይ ግሩፑ ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ወይም ለታመመ ጓደኛ እያዋጣ ከሆነ መዋጮው ይቅደም።

ታዲያ የቱን?

የራሳችሁ ስታይል የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባችሁ ስልካችሁን ክፈቱና የዚህን ዓመት ፎቶዎቻችሁን ተመልከቱ። ተመቸኝ ብላችሁ የሣቃችሁባቸውን ለዩ። ምን ለብሳችኋል? አብዛኛው ደማቅ ቀለም ከሆነ ሪዩኒየን ላይ በድንገት ጥቁር አትልበሱ። አብዛኛው ሱሪ ከሆነ እስከ መሬት በሚደርስ ቀሚስ ቀኑን ሙሉ አትታሰሩ፤ ሱሪ ላይ የሀበሻ ጥለት ያለው ሸሚዝ ወይም ጃኬት ልበሱ። ያንን የምታውቁትን ልብስ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት፤ ሁለት ደረጃ ከፍ ካለ ሌላ ሰው መምሰል ይጀመራል።

ከውጭ አገር የምትመጡ፣ የሀገር ልብስ ወይም የባች ቲሸርት እመክራችኋለሁ። ትልልቅ ስም የተጻፈበት ልብስና ቦርሳ ይቅርባችሁ። መድረክ ላይ የምትወጡ፣ ኮት ያለ ክራባት። ማታ ብቻ የምትደርሱ፣ መነን ቀሚስ ወይም የሀበሻ ሸሚዝ ከነኩታው። ልጅ አዝላችሁ ወይም ነፍሰ ጡር ሆናችሁ የምትመጡ፣ ሰፋ ያለ ሽፎንና ፍላት ጫማ፤ ሌላውን ሁሉ እርሱት። እዚያው ከተማ ሆናችሁ «የሚለበስ የለኝም» ብላችሁ መቅረት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ በጭራሽ አትቅሩ። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የምትለብሱት ንጹሕ ልብስ ለዚያ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ግሩፑም እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ከጠረጠረ ቲሸርቱን ለሁሉም በመዋጮው ውስጥ አካቶ ቢያሳትም ማንም ሰው ራሱን ነጥሎ «የለኝም» ማለት አይጠበቅበትም።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ሆኖ ዛሬ ሐሙስ ከሆነና ምንም ካላዘጋጃችሁ ወደ ገበያ አትሩጡ። ጥቁር ሱሪ ወይም ጉርድ፣ ያላችሁ ምርጥ ሸሚዝ፣ የእናታችሁ ነጠላ ወይም የአባታችሁ ጋቢ። ዛሬ ማታ እጠቡ፣ ነገ ተኩሱ፣ ጫማውን ጥረጉ።